አባ ሁለገብ

ሰው ሙያ አጥቶ ሲቸገር ብዙ አይቻለሁ። ሙያ በዝቶበት የጠፋ ግን ከባሌ ከሸጋው በስተቀር አላውቅም። ይህን ስል የሚሰሙኝ «አይ ታንጉት፣ ኀዘኑ ነው የሚያናግራት» ይላሉ። ይበሉ። ኀዘኑም የኔ ነው፣ ምላሱም የኔ ነው።

የምንኖረው መተማ ነበር። ሸጋው ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው የመንግሥት እርሻ ይሠራል፤ እኔም እዚያው መጋዘን ሰሊጥ አበጥራለሁ። «የባልሽ ሥራ ምንድን ነው?» ለሚለኝ ሰው መልስ ኖሮኝ አያውቅም። ትራክተር ይነዳል። የተሰበረ ማረሻ ይበይዳል። ለአጨዳ ከደጋ የወረደውን የቀን ሠራተኛ ወባ ሲጥለው መርፌ ይወጋል። የሱዳን ነጋዴ ሲመጣ ያስተረጉማል። አንድ ቀን የጎረቤታችንን መንጋጋ ነቅሎ፣ በዚያው እጁ የራዲዮ ሽቦ ሊቀጥል ሲቀመጥ ደርሼ «አንተ ሰው፣ መጀመሪያ እጅህን ታጠብ!» ብዬ ጮኼበታለሁ። እሱ ይስቃል። እኔ ስቆጣ እሱ መሳቁ የቤታችን ልማድ ነበር።

ከሁሉ የሚያናድደኝ የተማረውን ይዞ አለመቀመጡ ነው። ከወሎ የመጣውን አያ ቢሻውን ብየዳ ያስተማረው ሸጋው ነው፤ እርሻው ግን በያጅ ብሎ የቀጠረው አያ ቢሻውን ነው። መርፌ አያያዝ ያሳየው ሰው የክሊኒኩ ድሬሰር ሆነ። ከትራክተር ሹፌሮቹም ግማሾቹ መሪ የጨበጡት ከእሱ ተምረው ነው። እሱ ራሱ የጎደለ ቦታ ሲኖር የሚጠራ ሰው ሆኖ ቀረ። «ሙያህን ለሰው አድለህ ስትጨርስ ላንተ ምን ይተርፍሃል?» ስለው መልሱ ሁልጊዜ ያው ነው። «ሌላ እማራለኋ!»

ጨዋታው የመጣው በ1980 ዓ.ም. ክረምት ነው። ክረምት ሲገባ የመተማ ዋልካ ጭቃ ትራክተር ይውጣል፤ ሹፌሩም ኦፕሬተሩም እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። ድንበር ተሻግራ የምትነግደው ረቢዓ በዚያ ሰሞን ለሻይ ቤቷ ከገዳሪፍ አንድ ማሽን በሎሪ አስመጣች። ሲያዩት የጽሕፈት መኪና ይመስላል፤ ቁልፎቹ ላይ ያለው ፊደል ዓረብኛ ነው፤ ከቴሌቪዥን ጋር በሽቦ ይያያዛል። ኮምፒዩተር ነው አሉ። የሸጠላት ሰው ፊልም ያሳያል ብሏት ነበር። ምንም ፊልም አላሳየም። ረቢዓ በአማርኛም በዓረብኛም ሻጩን ስትረግም ሸጋው መጥቶ ጄኔሬተሯን አስተካከለ፣ ሽቦውን ቀጠለ፣ አብሮ የመጣውን ካሴት አስገባ። ካሴቱ ሲንጫጫ ቆይቶ ቴሌቪዥኑ ላይ ዋሻና ዘንዶ መጣ።

ጨዋታው እንዲህ ነው። አገሩን ዘንዶ ይዞታል። ተጫዋቹ አንድ ሰው ይፈጥራል፣ ስም ያወጣለታል፣ ሙያ ይመርጥለታል፤ የተፈጠረው ሰው በየዋሻው እየገባ ይዋጋል። ሙያው ሦስት ነው፤ ጎራዴኛ፣ ፈዋሽ፣ አስማተኛ። ጽሑፉን የምታነብልን ረቢዓ ነበረች። አስማተኛ የሚለውን ለማስረዳት ስትቸገር ደሞዝ «ደብተራ በይውና ይግባን» አላት፤ ከዚያ ወዲያ ደብተራ ሆኖ ቀረ።

ደሞዝ የሸጋው አብሮ አደግ ነው፤ ሁለቱም የአብርሃ ጅራ ልጆች ናቸው። ኮምባይነር ይነዳል። ከኮምባይነር ሌላ ምንም አያውቅም፤ ሚስማር ሲመታ እንኳ የሚያገኘው ጣቱን ነው። የማሽላ አጨዳ ሲደርስ ግን ከአብደራፊ እስከ ሽንፋ የሚተካከለው አልነበረም። በጨዋታውም የመረጠው ጎራዴ ብቻ ነው። እንደ ድሮ ጦረኛ የፈረስ ስም ይውጣላቸው ተባባሉና ደሞዝ የእሱን ሰው «አባ ቁርጡ» አለው። ሸጋው ደግሞ ማሽኑ ከአንድ በላይ ሙያ መያዝ እንደሚፈቅድ ረቢዓ ስታነብለት ፊቱ በራ። «ሦስቱንም!» አለ። ስሙን «አባ ሁለገብ» ብሎ አወጣለት።

ክፋቱ ያለው ሕጉ ላይ ነው። ጠላት በተገደለ ቁጥር ለገዳዩ ልምድ ይቆጠርለታል፤ ልምዱ ሲጠራቀም ማዕረጉ ያድጋል። አንድ ሙያ ያለው ልምዱ ሁሉ ወደ አንዱ ይገባለታል። ሦስት ሙያ ያለው ያችኑ ልምድ ለሦስት ይከፍላል። እናም የአባ ቁርጡ ጎራዴ ድንጋይ መሰንጠቅ ሲጀምር፣ አባ ሁለገብ በትንሽ ጎራዴ፣ በትንሽ መድኃኒትና በትንሽ አስማት ከኋላ ከኋላ ይከተላል።

«ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» ይለዋል ደሞዝ። «ያንተማ ይባስ፣ ሦስት ዛፍ!»

«አንተ ካንዱ ዛፍ ጫፍ ደርሰሃል። ዛፉ ሲቆረጥ ወዴት ልትዘል ነው?»

«ማን ይቆርጠዋል?»

«የአባቴን የቆረጠው ነዋ» አለ አንድ ቀን ሸጋው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። አባቱ ከእርሻ ሌላ የማያውቁ ገበሬ ነበሩ። መሬታቸው ሲወረስ ከግድግዳው ተደግፈው እንደተቀመጡ ነው የሞቱት። ደሞዝም ይህን ያውቃል።

ረቢዓ የምትፈርደው ለሸጋው ነበር። «እኔስ ሳሙና ብቻ ብሸጥ ኖሮ፣ ሳሙና የጠፋ ወር ጾሜን አላድርም ነበር? ወላሂ፣ ሸጋው ልክ ነው» ትላለች። ደሞዝ «አንች ነጋዴ ነሽ፤ ነጋዴና ባለሙያ አንድ አይደለም» ይላታል። ከዚያ ሦስቱም ባንዴ ይጮኻሉ። መጨረሻ ላይ ረቢዓ «ኸላስ! ዛፉን ተዉት፣ ቤንዚኔ አለቀ!» ብላ ጄኔሬተሩን ታጠፋለች።

እኔ ከጥግ ተቀምጬ በልቤ ለደሞዝ ነበር የምፈርደው። ግን አባ ቁርጡን እባብ የነደፈው ጊዜ ጎራዴው ምን ያድርግለት? ያከመው አባ ሁለገብ ነው። ጨለማ ዋሻ ሲገቡም መብራት ያበራለት አባ ሁለገብ ነው። ደሞዝ ይህን እያየ ሻዩን ይጠጣል እንጂ አያመሰግንም። ባለማመስገን ውስጥ ያደገ ጓደኝነት ነበር የነበራቸው።

ጳጉሜ ላይ ከዘንዶው በር ደረሱ። በሩን የሚጠብቅ ዘበኛ አለ፤ የሚለውንም ረቢዓ አነበበችልን። «የአንድ ሙያ ሊቅ ያልሆነ አይገባም» ይላል። አባ ቁርጡ ገባ። አባ ሁለገብ በሦስቱም ሙያ ገና መንገድ ላይ ስለነበረ ውጭ ቀረ። ደሞዝ በሳቅ ወንበሩን ሊሰብረው ደረሰ። ሸጋው «ግድ የለህም፣ እኔ እዚሁ ሆኜ ቁስለኛ አክማለሁ» አለ። ሁላችንም ሳቅን፤ እኔም ሳቅሁ።

መስከረም ሲጠባ ሳቁ ቆመ። ሰሜን ያለው ጦርነት ሰው በልቶ አልጠግብ ብሎ ነበር፤ እርሻውም ለውትድርና ሰው እንዲሰጥ ታዘዘ። ሥራ አስኪያጁ አጨዳ ሊደርስ ነው ብሎ ተከራከረ፤ በመጨረሻ የተስማሙት ባለሙያው ይቅር፣ ሌላው ይሂድ በሚል ነው። የሚቀረውም ለሥራው የሚያስፈልገው ያህል ብቻ ነው። በያጅ አንድ፣ ድሬሰር አንድ፣ ለየማሽኑ አንዳንድ ሰው። ኮሚቴ ተቀምጦ እያንዳንዱን ሙያውን ይጠይቃል ተባለ።

በዋዜማው ከሰዓት ረቢዓ ቤት ተሰበሰብን። ማሽኑን የከፈተው የለም።

«አንዱን ብቻ ተናገር» አልኩት። «ብየዳ በል። በብየዳ ማን ይደርስብሃል?»

«ብየዳ ካልኩ አያ ቢሻው ይሄዳል። እሱ ሌላ አያውቅም። ደጋ ደግሞ ልጆች አሉት።»

«እንግዲያው መርፌ በል።»

«ድሬሰሩስ?»

«ትራክተር በላ!»

«ማንን ከየትኛው ትራክተር ላውርደው፣ ታንጉት? ሁሉንም እኮ አውቃቸዋለሁ።»

ደሜ ፈላ። «ያስተማርካቸው አንተ! እንጀራ ያበላሃቸው አንተ! አያ ቢሻው ይሂድ!» ብዬ ጮህኩ። አዎ፣ ብያለሁ። ዛሬም እላለሁ። የሰው ባል ይሂድና የኔ ይቅር የማትል ሚስት ካለች ትምጣና ልያት። ረቢዓ እጄን ያዘችኝ። ሸጋው መሬት መሬቱን እያየ «እሽ፣ ብየዳ እላለሁ» አለኝ።

በማግስቱ ከመጋዘኑ ጥላ ሥር ጠረጴዛ ዘርግተው ተቀመጡ። መሐል የኮሚቴው ሰብሳቢ ነው፤ ከጎኑ ሰው ሊረከብ የመጣ መኮንን አለ። የሚቀረው በግራ፣ የሚሄደው በቀኝ ይቆማል። እኛ ሴቶቹ ከሰሊጡ ጆንያ ኋላ ሆነን እናያለን።

«ሙያ?»

«የኮምባይነር ኦፕሬተር» አለ ደሞዝ። ሰብሳቢው ቀና እንኳ ሳይል በግራ አለው።

«ሙያ?»

«በያጅ» አለ አያ ቢሻው። እሱም ግራ ደረሰው።

ሸጋው ቀረበ። «ሙያ?»

ተጠያቂዋ እኔ ብሆን በአንድ ቃል ያለቀ ነገር ነበር። እሱ ግን ዞሮ አያ ቢሻውን አየው። አያ ቢሻው ኮፍያውን በሁለት እጁ ጨምድዶ ይዟል። ሸጋው አፉን ከፈተ፤ ብየዳ የምትለው ቃል አልወጣችም። እኔ ከጆንያው ኋላ ሆኜ በከንፈሬ እነግረዋለሁ፤ አላየኝም።

«ሙያ የለህም?» አለው ሰብሳቢው። «በቀኝ!»

ይሄኔ ደሞዝ ከግራው ሰልፍ ዘሎ ወጣ። «ሸጋው ሙያ የለውም? ሸጋው?» እያለ ከጠረጴዛው ፊት ቆመ። «ጓዶች፣ ይህን ሰው አታውቁትም! ይነዳል። ይበይዳል። መርፌ ይወጋል፣ ስብራት ያስራል። ዓረብኛ ይናገራል። እዚህ የቆመውን ሁሉ ያስተማረው እሱ ነው። እኔ የማውቅ አንድ ነገር ነው፤ እሱ የማይችለው የለም። እኔን ውሰዱኝና እሱን አስቀሩት!»

«እውነት ነው!» አሉ ሹፌሮቹ። «እውነቱን ነው!» አለ አያ ቢሻውም እያለቀሰ። ልቤ በደስታ ዘለለ። ደሞዝ ዕድሜውን ሙሉ ያሾፈበትን ነገር በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ሲያመሰግን ስሰማ፣ በቃ ባሌ ተረፈ አልኩ።

እስከዚያ ሲያዛጋ የነበረው መኮንን ቀና አለ። «ይነዳል?» አለ። «መርፌም ይወጋል? ስብራትም? ዓረብኛም?»

«አዎ!» አለ ደሞዝ አፉን ሞልቶ።

መኮንኑ ፈገግ አለ። «ታዲያ እንዲህ ያለውን ሰው ደብቃችሁ ሰሊጥ ታሳጭዱታላችሁ? እኛ ግንባር ላይ ያጣነው እኮ እንዲህ ያለውን ነው» ብሎ ሸጋውን ትከሻውን ይዞ ወደ ቀኝ ወሰደው። ደሞዝ «አይደለም… እኔ ያልኩት…» እያለ ተከተላቸው። አንድ ወታደር በሰደፍ መለሰው። ለእሱ ቦታው ግራ ነው፤ የኮምባይነር ኦፕሬተር ነው።

የጫናቸው ኦራል መኪና አልነሣም አለ። ሹፌሩ ደጋግሞ ቢሞክር ወይ ፍንክች። ሰዎቹ በዚያ የመተማ ፀሐይ ታጭቀው ተቀምጠዋል። እኔ በልቤ ተመስገን፣ ይሰበር፣ ይቃጠል እያልኩ ነው። ሸጋው ከላይ ዘሎ ወረደ፤ ኮፈኑን ከፈተ፣ ቱቦውን በአፉ ሳበ፣ ናፍጣውን ተፋ።

«ተወው!» ብዬ ጮህኩ። «ሸጋው በናትህ፣ ተወው፣ ይቁም!»

«ፀሐይ ላይ ናቸው እኮ፣ ታንጉት» አለኝ።

ሞተሩ ተነሣ። እጁን በሱሪው ጠርጎ ተመልሶ ተሳፈረ። አቧራው እስኪሸፍናቸው ድረስ ስሰድበው ነበር። ሰምቶኝ ከሆነ ስቋል።

ከዚያ በኋላ ደሞዝ አጨዳውን ጨርሶ ረቢዓ ቤት መዋል ጀመረ። ካሴቱን ይከፍታል፤ አባ ቁርጡን ከዘንዶው በር ውስጥ እንደቆመ ይተወውና አባ ሁለገብን ብቻውን ይዞ በየዋሻው ይዞራል። በአንዱ ሙያ ሊቅ አድርጌ ከበሩ ላስገባው ነው ይላል። እኔ አላናግረውም። ክፉ አልሠራም፤ ሊያድነው ብሎ እንደተናገረ አውቃለሁ። ግን ፊቱን ባየሁ ቁጥር ያ «አዎ!» ያለው ጆሮዬ ላይ ይጮኻል። አንድ ቀን «ታንጉት፣ በፈውሱ ትንሽ ነው የቀረው» አለኝ።

በሚያዝያ ሙቀት ካሴቱ ተጣመመ። ማሽኑ ሲንጫጫ ውሎ ቴሌቪዥኑ ላይ ምንም አልመጣም። ደሞዝ ካሴቱን አውጥቶ በእጁ ሲያገላብጠው ቆየና «ሸጋው ቢኖር ያስተካክለው ነበር» አለ። ያን ቀን አብረን አለቀስን።

ከሸጋው ምንም ሳልሰማ መንግሥት ወደቀ። በ1983 ግንቦት የተበተነው ጦር በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ፈሰሰ። መተማን ከገላባት የሚለየውን ደረቅ ወንዝ እየተሻገረ ይሄዳል፤ ያነክሳል፣ ተሸክሞ ይሄዳል፣ ተሸክመውት ይሄዳሉ። እኔ ከአፋፉ ላይ ውሃ ይዤ እቆማለሁ። ያለፈውን ሁሉ «ሸጋው የሚባል ታውቃለህ?» እለዋለሁ። ውሃውን ይጠጣሉ፣ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ ያልፋሉ። ማምሻውን ወደ ቤት ስመለስ ነገ ይመጣል እላለሁ። ያን ማለት ራሱ ሥራ ሆኖብኝ ነበር።

አንዱ ግን የሚያጠያይቀው ስለ እኔ ነበር። ከሲታ ነው፤ ጫማ ያለው ባንድ እግሩ ብቻ ነው። «ታንጉት የምትባል ሴት፣ የረቢዓ ሻይ ቤት የሚባል…» ሲል ሰምቼ እጁን ያዝኩት። ፈንቴ ይባላል፤ የወሎ ሰው ነው፤ ከሸጋው ጋር አብሮ ዘምቷል። ረቢዓ ቤት አስገባሁት። ደሞዝም ነበረ። ሻይ ቀረበለት፣ አልነካውም።

«እታለም፣ ሁሉን የሚሠራው እሱ ነበር» አለኝ። «ቀን ይነዳል፣ ሲመሽ ቁስለኛ ያክማል። ሬዲዮ ሲበላሽ የሚጠራው እሱ ነው። ሌላው ሰው ተረኛ ሲሆን ይሠራል፣ ተራው ሲያልቅ ይተኛል። እሱ በሁሉም ተራ ውስጥ አለበት። ተኝቶ አይቼው አላውቅም።»

«ከዚያስ?»

«ስናፈገፍግ የቀረችን አንድ መኪና ነበረች። ቁስለኛው አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ተኝቷል። መነሣት የሚችለውን ጫንን፤ የማይነሣው ቀረ። ሹፌሩም እሱ፣ ሐኪሙም እሱ። መሪዋን ይዞ ተቀመጠ፣ ሞተሩን አስነሣ። ይሄኔ ከቀሩት አንዱ ከውስጥ በስሙ ጠራው።»

ፈንቴ የሻዩን ብርጭቆ ገፋ አደረገው። «ንገረኝ» አልኩት።

«ወረደ። እኔን መንዳት ያስተማረኝ እሱ ነው፤ ገና ለማጅ ነበርኩ። መኪናዋን ለኔ ተወልኝ። ‹አንተ መንዳት ታውቃለህ፣ መርፌ አታውቅም› አለኝ። ‹መተማ ከደረስክ ለታንጉት ንገራት› አለኝ። ኮረብታው ላይ ስንወጣ ትምህርት ቤቱ ተመታ። ጭሱን በመስታወቱ አየሁት። አልተመለስኩም፣ እታለም። መኪናዋ ላይ ሰው ነበረ።»

ሹፌር ብቻ ቢሆን ይወጣ ነበር። ወዲያው ያሰብኩት ይህን ነው፤ ካሰብኩትም ወዲህ ሌላ ሐሳብ ልቤ ውስጥ አልገባም። በያጅ ብቻ ቢሆንማ ከመጋዘኑ ጥላም አይወጣም ነበር። ደሞዝ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኗል። ረቢዓ በዓረብኛ ለነፍሱ ትጸልያለች። ለእኔ እንባ እንኳ አልመጣልኝም። አያ ቢሻው የእርሻው በያጅ ሆኖ ቀርቷል፤ ድሬሰሩም በሕይወት አለ፤ ይኸው ደግሞ አንድ ሹፌር ከፊቴ ተቀምጧል። ሁሉም የሸጋውን ሙያ ይዘው አሉ።

«ከመንዳት ሌላ ምን ትችላለህ?» አልኩት ፈንቴን።

ጥያቄው ግራ ገባው። «ምንም፣ እታለም። መንዳት ብቻ። ሱዳን ከገባሁ ግን ሌላ እማራለሁ።»

እጁን እንደያዝኩት ነበር፤ አጥብቄ ጨበጥኩት። «አትማር» አልኩት። «በናትህ፣ የምትጠብቅህ ካለች፣ ሌላ አትማር።»